ከካርድ እስከ እንቁጣጣሽ፦ የሰፈራችሁን ላይብረሪ እስከ ጥግ መጠቀሚያ መመሪያ

ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ ለምንኖር ሐበሾች ላይብረሪ ብዙ ጊዜ የልጆች ቦታ ነው። ልጁን እናደርሳለን፣ መኪና ውስጥ ሆነን ስልክ እናያለን፣ ሲጨርስ ይዘነው ወደ ቤት። እዚያው ሕንፃ ውስጥ ግን ለአዋቂዎች የሚሆን ብዙ ነገር አለ፦ የእንግሊዝኛ ልምምድ፣ የዜግነት ፈተና ዝግጅት፣ የኮምፒውተር ትምህርት፣ ሙዚቃና የባህል ዝግጅት። ሁሉም በነፃ ነው። ወጪው ከምንከፍለው ታክስ ነው የሚሸፈነው።

እኔ እንዳየሁት ወደ ኋላ የሚይዘን ይሉኝታ ነው። «እንግሊዝኛዬ ትንሽ ይሻሻልና እሄዳለሁ» እንላለን። «ሰውዬውን ሥራ አስፈታዋለሁ» እንላለን። ዴስኩ ላይ የተቀመጠው ሰው እኮ ደመወዝ የሚከፈለው እንዲጠየቅ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ አንድ ነገር ይፈልጋሉ፤ ሄዶ መጠየቅ። ምሳሌዎቼ የዲኤምቪ፣ ማለትም የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ፣ ናቸው። ሲያትልም ሆነ ዴንቨር ብትኖሩ አብዛኛው ይሠራላችኋል።

1. ካርዱን አውጡ፣ ከቻላችሁ ከአንድ በላይ

ፎቶ ያለው መታወቂያና አድራሻችሁን የሚያሳይ ወረቀት ያዙ። መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ያለው አድራሻ የአሁኑ ከሆነ ብዙ ጊዜ እሱ ብቻ ይበቃል። ካልሆነ የቤት ኪራይ ውል ወይም የመብራት ቢል ጨምሩ። ካርዱ እዚያው ቆማችሁ ይደርሳል። የሚፈለገው ማን እንደሆናችሁና የት እንደምትኖሩ ነው። ግሪን ካርድ አይጠየቅም። አሳይለም ጠይቃችሁ መልስ የምትጠብቁ ብትሆኑም ካርድ ታወጣላችሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የዲሲ፣ የሞንጎመሪ፣ የፕሪንስ ጆርጅስ፣ የአርሊንግተን፣ የአሌክሳንድሪያና የፌርፋክስ ላይብረሪዎች አንዱ የሌላውን ነዋሪ በነፃ ይመዘግባሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖራችሁ የዲሲ ካርድ መያዝ ትችላላችሁ። ጥቅሙ ስልክ ላይ ይታያል። የላይብረሪ መጽሐፍ በስልክ የሚያውሰውን ሊቢ የሚባለውን አፕ አውርዱና ሁለቱንም ካርዶች አስገቡ። በአንዱ ላይብረሪ ረጅም ወረፋ ያለው የድምፅ መጽሐፍ በሌላው ቶሎ ሊገኝ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ታክሲ ወይም ኡበር ለምትነዱ ይሄ ብቻውን ካርድ ለማውጣት በቂ ምክንያት ነው። ጆሯችሁ ሳታስቡት እንግሊዝኛ ይለምዳል።

የማዘግየት ቅጣት ፈርታችሁ ከሆነ አትፍሩ፤ እዚህ አካባቢ ብዙዎቹ አንስተውታል። የጠፋ መጽሐፍ ግን ይከፈላል።

2. ዴስኩ ጋ ሂዱና አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ

ዲሲ ውስጥ ከሆናችሁ የሚሻለው ጂ ስትሪት ላይ ያለው የማርቲን ሉተር ኪንግ ላይብረሪ ነው። ከጋለሪ ፕሌስ ሜትሮ ወጥታችሁ ጥቂት እርምጃ ነው። በ1972 የተከፈተ ሕንፃ ነው፤ ለዓመታት ታድሶ በ2020 እንደገና ሥራ ጀመረ። ለአዋቂዎች ትምህርት ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ዩ ስትሪትና 9ኛ መንገድ አካባቢ የምትውሉ ደግሞ ሾው ሰፈር ያለው ላይብረሪ በእግር ይደረሳል። ሜሪላንድ ላላችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዌይን እና ፌንተን ጥግ ላይ ያለው ትልቁ ላይብረሪ አለላችሁ።

ገብታችሁ የምትፈልጉትን በአጭሩ ተናገሩ፦ የእንግሊዝኛ ክላስ፣ የዜግነት ክላስ ወይም የኮምፒውተር ክላስ። ቋንቋ ካስቸገራችሁ «አምሃሪክ፣ ፕሊስ» በቂ ነው። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ የከተማው መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዷቸው ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሠራተኛው ስልክ ደውሎ አስተርጓሚ ያገናኛችኋል። ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ መጎተት የለባችሁም።

ከመውጣታችሁ በፊት የወሩን ፕሮግራም በወረቀት ጠይቁ። ዌብሳይቱ ላይም አለ፣ ወረቀቱ ግን ፍሪጅ ላይ ይለጠፋል። ከሺፍታችሁ ጋር የሚገጥመውን አክብቡበት።

3. እንግሊዝኛ፦ ክለብና ክላስ ለየቅል ናቸው

ኮንቨርሴሽን ክለብ የሚባለው ለመናገር ልምምድ ነው። በጎ ፈቃደኛ አሜሪካዊ ይቀመጣል፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው ይከበዋል፣ ርዕስ ይነሳል፣ ይወራል። ብዙ ቦታ ምዝገባ የለውም። ዛሬ መጥታችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ብትቀሩ ማንም አይቆጣም። ሺፍቱ ለሚቀያየርበት ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ምክር ልስጥ። ከጓደኛችሁ ጋር ሄዳችሁ ከሆነ ጠረጴዛ ተለያዩ። ሁለት ሐበሻ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ወሬው ወደ አማርኛ ይዞራል። ከኤልሳልቫዶር ወይም ከቬትናም ከመጣ ሰው አጠገብ ተቀመጡ። ያኔ ያላችሁ የጋራ ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትናገራላችሁ።

ክላስ ሲባል ግን ደረጃ፣ አስተማሪና መርሃ ግብር ያለው ትምህርት ነው። ሰዋስውና ጽሕፈት የምትፈልጉ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው። መግቢያ ላይ ብዙ ጊዜ ካሳስ የሚባል የደረጃ መመደቢያ ፈተና አለ። ወድቆ የሚባረርበት ፈተና አይደለም። «ዝቅ ካልኩ ያፍሩብኛል» ብላችሁ ከጎረቤት አትኮርጁ፤ ከአቅማችሁ በላይ ክፍል ገብታችሁ በሦስተኛው ሳምንት ትጠፋላችሁ። ላይብረሪው ራሱ ባይኖረው የት እንዳለ ይነግራችኋል። የዲሲ ነዋሪ ከሆናችሁ ካርሎስ ሮዛሪዮ የሚባለው የአዋቂዎች ቻርተር ትምህርት ቤት ነፃ ነው። ሞንጎመሪ ካውንቲ ደግሞ የሞንጎመሪ ሊተረሲ ካውንስልን ጠይቁ። ወረፋ ቢኖርም ተመዝገቡ፤ ስልካችሁ ሲደወል አንሱ፤ ቁጥር ከቀየራችሁ አሳውቁ። ብዙ ሰው ተራው ደርሶ የሚያመልጠው በዚህ ነው።

በአማርኛም ማንበብ የማይችሉ እናትና አባት ካሏችሁ ይህንን ለሠራተኛው በግልጽ ንገሩ። ለእነሱ ከፊደል የሚጀምር ትምህርት ነው የሚያስፈልገው። ተራ የእንግሊዝኛ ክላስ ውስጥ ከገቡ ይጠፋባቸዋል። ከእነሱ ትውልድ ውስጥ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማታ ማታ የተማሩ አሉ። ያ ዘመቻ ኋላ ላይ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠና በዓለም አቀፍ ደረጃ የተሸለመ ነው። ያኔ እርሻ ውለው ፊደል የቆጠሩ ሰዎች ዛሬም መማር ይችላሉ። «አይ፣ አረጀሁ» ሲሉ ይህንን አስታውሷቸው።

ስለ ጂኢዲ፣ ማለትም ስለ 12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ አቻ ፈተናም ለሚጠይቁ፦ አራት የትምህርት ዓይነት አለው፣ በእያንዳንዱ ማለፊያው 145 ነው፣ የሚሰጠውም በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው። ግን ከመጀመራችሁ በፊት ሻንጣችሁን ፈትሹ። ኢትዮጵያ 12ኛን ጨርሳችሁ ወረቀቱ ካላችሁ አስተርጉማችሁ በግምገማ ድርጅት ማስገምገም ይቻላል። ያላችሁን ዲፕሎማ እንደገና ለማግኘት አንድ ዓመት አታባክኑ።

4. ዜግነት፦ መጀመሪያ የትኛውን ፈተና እንደምትፈተኑ እወቁ

እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ፤ ፈተናው ተቀይሯል። ኤን-400 የሚባለውን የዜግነት ማመልከቻ ፎርም ያስገባችሁት ከኦክቶበር 20፣ 2025 በፊት ከሆነ አሮጌው ነው፦ ከ100 ጥያቄ 10 ትጠየቃላችሁ፣ 6 መመለስ አለባችሁ። በዚያ ቀን ወይም ከዚያ ወዲህ ካስገባችሁ አዲሱ ነው፦ የሚጠናው 128 ጥያቄ፣ የምትጠየቁት እስከ 20፣ ማለፊያው 12። 12 እንደመለሳችሁ ወይም 9 እንደሳታችሁ መጠየቁ ይቆማል። የዘመድ አሮጌ ደብተር ተውሶ ማጥናት ዛሬ አይሠራም። ላይብረሪው ውስጥ ብዙ ጊዜ ለዜግነት የተለየ መደርደሪያ አለ። እዚያ ያለውን ስታነሱም የየትኛው ፈተና እንደሆነ ጠይቁ።

የዕድሜ ጉዳይም አለ። ዕድሜያቸው 50 የሞላና በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 55 የሞላና 15 ዓመት የኖሩ የእንግሊዝኛው ፈተና ይቀርላቸዋል። የታሪክና የመንግሥት ጥያቄውን በአማርኛ በአስተርጓሚ ይመልሳሉ። 65 ሞልቷቸው 20 ዓመት የኖሩ ደግሞ የሚያጠኑት 20 ጥያቄ ብቻ ነው፤ 10 ተጠይቀው 6 ከመለሱ ያልፋሉ። እንግሊዝኛ ፈርተው ለዓመታት ሳያመለክቱ የቆዩ አባቶችና እናቶች አሉ። ይህንን አንቀጽ አንብቡላቸው።

እንግሊዝኛውን የምትፈተኑ ከሆነ የሚነበበው ከሦስት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ የሚጻፈውም እንደዚሁ። ያ ቀላሉ ነው። ብዙ ሰው የሚደነግጠው ቃለ መጠይቁን የሚያደርገው የኢሚግሬሽን መኮንን ፎርሙ ላይ ያሉትን «ሀቭ ዩ ኤቨር» (እንዲህ አድርገህ ታውቃለህ?) የሚሉ ጥያቄዎች እያነሳ «ምን ማለት ነው?» ሲል ነው። «ኖ፣ ኖ፣ ኖ» ብሎ የመጣ ሰው እዚያ ላይ ይያዛል። ስለዚህ ላይብረሪው ክላስ ስትሄዱ የሞላችሁትን ፎርም ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። ከባድ ቃላቱን አስምሩ። የእያንዳንዱን ትርጉም በራሳችሁ ቀላል እንግሊዝኛ መናገር ተለማመዱ።

አንድ ገደብ አለ። የላይብረሪ ሠራተኛ የሕግ ምክር መስጠት አይችልም። ፎርሙ ውስጥ የሚያሳስባችሁ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ እስር ወይም ያልተከፈለ ታክስ፣ ጠበቃ ወይም የፌዴራሉ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሰጠው የሕግ ወኪል ጋ ሂዱ። «እኔ እሞላልሃለሁ» የሚል የሰፈር ሰው ጋ አይደለም።

5. ኮምፒውተር፣ ሥራ፣ ታክስ

ይሄ አጭር ነው። ብዙ ላይብረሪዎች ከማውስ አያያዝ የሚጀምር የኮምፒውተር ትምህርት አላቸው። ኖርዝስታር የሚባለውን የኮምፒውተር ችሎታ ፈተና የሚያስፈትኑ ካገኛችሁ ሰርተፊኬቱ ለሥራ ማመልከቻ ይጠቅማል። ሬዙሜ አብረዋችሁ ያያሉ። ከፌብሯሪ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ በየላይብረሪው በነፃ ታክስ የሚሠሩ የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ይቀመጣሉ። ቀጠሮ ቶሎ ያልቃል፤ ጃንዋሪ ላይ ደውሉ።

6. የአማርኛ መጽሐፍ ጠይቁ

በካታሎግ ስትፈልጉ በፊደላችን አትጻፉ፤ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የአማርኛ መጻሕፍት የተመዘገቡት በላቲን ፊደል ነው፣ አጻጻፉም እኛ ቴክስት እንደምንልከው አይደለም። ስለዚህ በቋንቋ አጣሩ፤ አምሃሪክ የሚለውን ምረጡና ዝርዝሩን እዩ።

ከሌለ የግዢ ጥያቄ ፎርም ሙሉ። «የአማርኛ መጽሐፍ ግዙ» ብቻ ካላችሁ ሠራተኛው ከየት እንደሚያመጣው አያውቅም። ርዕሱን፣ ደራሲውን፣ ካለ የመጽሐፉን መለያ ቁጥርና አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠውን ሱቅ ጻፉለት። የመጣውን ደግሞ ተዋሱት። ማንም ያልተዋሰው መጽሐፍ ከመደርደሪያ ይነሳል።

ዲሲ ላላችሁ ሌላም ሀብት አለ። በኮንግረስ ላይብረሪ፣ ጄፈርሰን ሕንፃ ውስጥ፣ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ንባብ ክፍል አለ። ትልቁን የአማርኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ቶማስ ሌይፐር ኬን የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት እዚያ ይገኛሉ። ዕድሜው 16 የሞላ ሰው ሁሉ መታወቂያ አሳይቶ የአንባቢ ካርድ በነፃ ያወጣል። ብራና ለማየት ግን አስቀድማችሁ ጻፉ። እንደ ቡድን መሄድ ከፈለጋችሁም እንደዚሁ። አዛውንቶችን ይዞ መሄድ እጅግ ጥሩ ፕሮግራም ነው።

7. የራሳችሁን የባህል ዝግጅት አዘጋጁ

ከዚህ በኋላ ተቀባይ ብቻ መሆን ይቀራል። ላይብረሪ የማንም ቤተ ክርስቲያን፣ የማንም ፓርቲ፣ የማንም ብሔር ማኅበር አይደለም። ሌላ ቦታ አብረው የማይቀመጡ ሰዎች እዚያ አንድ ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። ለእኛ ማኅበረሰብ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ዝግጅታችሁን በባህሉ ላይ አቁሙት፣ ፖለቲካውን ውጭ ተዉት።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው አዳራሽ መያዝ ነው። ክፍሉን ይሰጧችኋል፣ ቀሪው በእናንተ ነው። ሁለተኛው ላይብረሪው ራሱ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም እንዲሆን ማድረግ ነው። ያኔ ካሌንደሩ ላይ ይወጣል፣ ፖስተር ይሠራል፣ ለተጫዋችም ሊከፈል ይችላል። ክራር ወይም ማሲንቆ ተጫዋቹ ክፍያ ለማግኘት ደብሊው-9 የሚባል የታክስ ፎርም መሙላት እንዳለበት አስቀድማችሁ ንገሩት። የላይብረሪ ወዳጆች የሚባለው ማኅበርም ለመስተንግዶ ጥቂት ገንዘብ ሊሰጥ ይችላል። እኔ ሁለተኛውን መንገድ እመርጣለሁ፤ ብዙ ሥራ ያቀላል።

ጊዜው ወሳኝ ነው። ላይብረሪዎች ፕሮግራም የሚያወጡት ከወራት በፊት ነው። እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ነው ብላችሁ ኦገስት ላይ ብትሄዱ «የሚቀጥለው ዓመት» ትባላላችሁ። ኤፕሪል ወይም ሜይ ላይ ሂዱ። የአዋቂዎች ፕሮግራም ኃላፊውን ጠይቁ። በአንድ ገጽ እንግሊዝኛ እነዚህን ጻፉ፦ ምን እንደምታደርጉ፣ ለማን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደምትጠብቁ፣ ከላይብረሪው ምን እንደምትፈልጉ፣ እናንተ ምን እንደምታመጡ።

ስለ ቡናው ልነግራችሁ። ከሰል አይፈቀድም። ዕጣን አይፈቀድም። ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጭስ ብቻውን የእሳት አደጋ ደወሉን ሊያስጮህ ይችላል፤ ያኔ ሕንፃው በሙሉ ይወጣል። ስለዚህ ቤት ቆልታችሁ ኑ። እዚያ ሙቀጫውን አውጡና ወቀጣውን አሳዩ። ጀበናውን ለመጣድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈቀድ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ካልተፈቀደ አፍልታችሁ በቴርሞስ አምጡና ከጀበና ቅዱ። ረከቦቱ፣ ሲኒው፣ ቄጤማው፣ ፈንዲሻው፣ የሀበሻ ቀሚሱ ይፈቀዳል። ጭሱ ቢቀርም አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላችሁ ሥርዓቱን አስረዱ። መሸጥ ግን ብዙ ቦታ ክልክል ነው፤ መዋጮም አትሰብስቡ።

ዝግጅቱ ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት፤ የሰፈሩ አሜሪካዊም ይመጣል። እሱን ዳር አታስቀምጡት። አንድ ጠረጴዛ ላይ የፊደል ገበታ ዘርጉ፣ ወረቀትና ማርከር አስቀምጡ፣ ስሙን በፊደላችን ጻፉለት፣ ቀጥሎ ራሱ ይጻፍ። ያንን ወረቀት አጣጥፎ ይዞት ይሄዳል። ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት እናት ይቀመጡና ተረት ያውሩ። «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ እዚህ የተወለደ ሕፃን ካለ ፊት አምጡት። አጠገባቸው በእንግሊዝኛ አጠር አድርጎ የሚተረጉም ወጣት ይኑር። ረጅም ንግግር አታድርጉ። የክብር እንግዳ ስም ዝርዝር ማንበብም ይቅር።

ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፦ «ከሰዓት በኋላ 2፡00፣ በእኛ 8 ሰዓት»። ካልሆነ አንዳንድ ሰው ማታ ይመጣል። አዳራሹን ስትይዙ ለመዘርጋትና ለማጽዳት ሰዓት ጨምሩበት። ላይብረሪው በሰዓቱ ይዘጋል፤ ሠራተኛውም የሚጠብቀው ልጅ አለው። «ሐበሻ ነን፣ ትንሽ ዘግይተን ነው» እዚህ አይሠራም።

ለመጥራት ፌስቡክ ብቻ አይበቃም። የእንጀራ መሸጫዎች በር ላይ ለጥፉ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ አስነግሩ፣ በቴሌግራምና በቫይበር ግሩፖች ላኩ። ለእናቶችና ለአባቶች ደውሉላቸው። መኪና ለሌላቸው ማን እንደሚያመጣቸው ስም በስም ያዙ።

በሩ ላይ አንድ ሰው መቁጠሪያ ይዞ ይቁም። ላይብረሪው የሚቀጥለውን ዓመት ፕሮግራም የሚወስነው ስንት ሰው እንደመጣ እያየ ነው። አስተያየት መስጫ ወረቀት ከሰጡ እዚያው አስሞሉ፣ በአማርኛም ቢሆን ይጻፉ። ቁጥሩን በማግሥቱ ለኃላፊው ከምስጋና ጋር በኢሜይል ላኩለት፤ ለገና ወይም ለፋሲካ የምትፈልጉትን ቀንም እዚያው ኢሜይል ውስጥ ጠይቁ።